ስለ መታጠቢያ ቤት ወለልና በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚሠራው መፈግፈጊያ መኪና

የአንድ ቤት ክብር የሚታወቀው በእልፍኙ ምንጣፍ ብቻ አይደለም። እንግዳ ወደ እልፍኝ ሲገባ ቤቱ አስቀድሞ ተሰናድቶ ይጠብቀዋል፤ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓዳ በዞረ ጊዜ ግን የቤቱ እውነተኛ ጠባይ ይገለጥለታል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ብዙ ሰዎች ለመናገር የሚያፍሩበትን፥ ነገር ግን ለቤተ ሰብ ጤና ከፍ ያለ ዋጋ ያለውን የመታጠቢያ ቤት ወለል ነገር እናነሣለን። ምሳሌያችንንም ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋ እንወስዳለን፤ በዚያ አገር ውኃም ሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ልብ የሚባክን ስላልሆነ፥ በዚያ የሚበጅ ምክር በሌላውም አገር ሳይጠቅም አይቀርም።

በዋግ አገር የቆየው ቤት በድንጋይ የታነፀ፥ ወለሉም አፈር ነው፤ እመቤቲቱ በየጊዜው በእበት እያስለቀለቀች አቧራውን ታስተኛዋለች። ይህም ልማድ በገጠሩ ዛሬም አልቀረም። በከተማው ግን በሊሾና በሴራሚክ የተሠራ ወለል፥ የቧንቧ ውኃና የመታጠቢያ ክፍል ያለው ቤት እየበዛ ሄዷል። የሴራሚክ ወለል ውብ ነው፤ ነገር ግን የሳሙናው ስብና የሰውነት እድፍ በላዩ እንደ ቀጭን ቆዳ ተጋግሮ ይቀራል፤ በመጋጠሚያዎቹም ውስጥ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ይህ ሲሆን ወለሉ ያንሸራትታል፤ ሽማግሌም ቢወድቅ በቀላሉ አይነሣም። ይህን እድፍ ውኃ በማፍሰስ ብቻ ማስለቀቅ አይቻልም፤ መፈግፈግ ያስፈልጋል።

ውኃ አፍስሶ መጨረስስ በዋግ እንደምን ይቻላል? አገሩ ድርቅ ደጋግሞ የሚጎበኘው ነው። በብዙ ቀበሌ ውኃ የሚመጣው በሴቶችና በልጆች ጀርባ፥ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ነው። ተከዜ በጥልቁ ሸለቆ ይፈሳል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውም ግድብ 300 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨት የሚችል ነው፤ ሆኖም በደጋው ላይ የሚኖር ሰው ወንዙን ቁልቍል እያየ ይጠማል። እንግዲህ ወለል ለማጠብ የምናፈሰው እያንዳንዱ ባልዲ የሰው ድካም መሆኑን አስቀድመን እናስታውስ።

የወለል ንጽሕና የጌጥ ነገር ብቻ እንዳይመስለን፥ የሰቆጣ ስም በአገራችን የጤና ታሪክ የተጻፈበትን ጉዳይ እንጥቀስ። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውን ዐዋጅ ሲያስታውቅ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030 ድረስ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ገብቷል፤ የመጀመሪያውም ሥራ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ 40 ወረዳዎች ተጀመረ። በዚህም ሥራ ውስጥ ከምግብና ከእርሻ ጋራ የንጹሕ ውኃና የንጽሕና ነገር አብሮ ገብቷል፤ ይኸውም ደጋግሞ ተቅማጥ የሚይዘው ሕፃን የበላው ምግብ ሰውነቱን ስለማይሠራለት ነው። ሕፃን ደግሞ በወለል ላይ ይድኻል፤ የዳኸበትንም እጅ ወደ አፉ ያገባል።

አሁን ወደ መኪናው ነገር እንመለስ። ወለልን በኤሌክትሪክ ኃይል ማጽዳት የተስፋፋበት ታሪክ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በአሜሪካ፥ በኦሃዮ አገር፥ ጄምስ መሪ ስፓንግለር የሚባል የአንድ ትልቅ ሱቅ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ስለነበረበት የመጥረጊያው አቧራ ያስጨንቀው ነበርና፥ የማራገቢያ ሞተርን፥ የሳሙና ሣጥንን፥ የመጥረጊያ እንጨትንና የትራስ ልብስን አጋጥሞ አቧራ የሚስብ መኪና ሠራ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 የፈጠራ መብቱን አገኘ። የፈጠራውንም መብት የገዛው ሁቨር የሚባለው ነጋዴ ስሙን በዓለም ሁሉ አስጠራበት። እንግዲህ ይህ ዓይነት መኪና የተወለደው ከባለጠጋ ምቾት ሳይሆን ከደከመ ሠራተኛ ሳል መሆኑን ልብ እንበል። መኪና ስንመርጥም ይህን ሠራተኛ አንርሳ።

መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ምን ያህል ውኃ ይጠጣል? ምን ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ እርጥብ ክፍል ያስገባል? ማን ይይዘዋል? በእነዚህ ሦስት ሚዛኖች በገበያ ያሉትን አራት ዓይነቶች እንመዝናቸው።

አንደኛው ውኃን በብርቱ ግፊት የሚረጨው፥ በላቫጆ ቤት አውቶሞቢል የሚታጠብበት ነው። ይህ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ያፈሳል፤ በ10 ደቂቃ ሥራ ከ60 እስከ 80 ሊትር፥ ማለት ሦስት ወይም አራት ጀሪካን ይጨርሳል። ከዚህም በላይ የሴራሚኩን መጋጠሚያ እየቦረቦረ ያወጣዋል፤ ውኃውንም እስከ መብራት ማብሪያው ድረስ ይረጨዋል። ለግቢና ለደጃፍ ድንጋይ ይሁን እንጂ ለመታጠቢያ ቤት አንመክረውም።

ሁለተኛው በሆቴልና በሆስፒታል የሚታየው፥ አንድ ሰፊ ክብ ቡሩሽ ከሥሩ የሚሽከረከርለት ከባድ መኪና ነው። ሰፊ አዳራሽን ፈጥኖ ያጸዳል፤ ነገር ግን ክብደቱ ብዙ ጊዜ እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል፤ ያልለመደ ሰው ሲይዘው ወደ ጎን እየጎተተ ከግድግዳ ጋራ ያላጋዋል። ሠራተኞች ላሉትና ለእነርሱም ትምህርት ለሚሰጥ ትልቅ ቤት ይስማማል፤ ለጠባብ ክፍል ግን አይሆንም።

ሦስተኛው የእንፋሎት መኪና ነው። የሚፈልገው ውኃ ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ስለሆነ ለዋግ አገር መልካም ነው፤ ያለ መድኃኒትም ስብን ያቀልጣል፥ ተሐዋስያንንም ይገድላል። ሆኖም ከ1,500 እስከ 2,000 ዋት ኃይል ይስባልና ደካማ ሽቦ አይችለውም። ደግሞም ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፥ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንፋሎቱም ከአፉ እንደ ወጣ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አፉን ወደ ወለሉ አስጠግቶ በዝግታ መሄድ ያስፈልጋል። ቆዳን ክፉኛ ስለሚያቃጥልም ሕፃናት በአጠገቡ አይቁሙ።

አራተኛው ባትሪ ያለው፥ ረጅም እጀታና የሚሽከረከር ትንሽ ቡሩሽ የተሰካለት የእጅ መፈግፈጊያ ነው። ክብደቱ ቀላል ነው፤ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ኃይል ተሞልቶ አንድ ሰዓት ያህል ይሠራል። ቆሞ የሚሠራበት ስለሆነ ወገብና ጕልበት አይጎዳም፤ በባትሪው ያለው ቮልት ዝቅተኛ ስለሆነም በእርጥብ ክፍል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ደኅና ነው። አንድ ባልዲ ውኃ ይበቃዋል። ለቤተ ሰብ ቤት እኛ የምንመርጠው ይህን ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ስንናገር የራሳችንን ስሕተት መደበቅ አይገባንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ የሚኖር ዘመዳችን በሽቦ የሚሠራ የወለል መፈግፈጊያ መኪና በስጦታ ላከልን። እኛም ከሣጥኑ አውጥተን፥ ያለ አንዳች ምርመራ ለቤታችን ሠራተኛ ሰጠናት። እርስዋም እንደ ታዘዘችው ጠፍጣፋውን መሰኪያ በመለወጫ በኩል በሰካችው ጊዜ መኪናው አንድ ጊዜ ጮኸ፥ ጢስም ወጣውና ቀረ። በቍጣችን «ሰበርሽው» ብለን ገሠጽናት፤ እርስዋም አንገትዋን ደፍታ ዝም አለች። ማታ መኪናውን ገልብጠን ብናይ ከሆዱ ሥር «120 ቮልት» የሚል ጽሑፍ አገኘን፤ በአገራችን ቤቶች ያለው ግን 220 ቮልት ነው። ጥፋቱ የእርስዋ ሳይሆን የእኛ ነበር። በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅናት፤ እርስዋም በትሕትና ተቀበለችን። ነገር ግን በዚያች ሰዓት እጅዋ እርጥብ ሆኖ፥ እግርዋም በውኃ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ፥ ይቅርታችንን ማን ይቀበለን ነበር?

ስለሆነም ማንኛውም ባለቤት መኪናውን ለሌላ ሰው ከመስጠቱ በፊት ሆዱን ገልብጦ ያንብብ። ቮልቱ 220 ወይም 240፥ ድግግሞሹም 50 የሚል መሆኑን ይመልከት። ሦስተኛውን የመሬት ሽቦ እሾህ ቆርጦ በሁለት መሰካት ፈጽሞ አይገባም። በቆጣሪው አጠገብም ኃይል ወደ መሬት ሲፈስ ባወቀ ጊዜ ወዲያው የሚቋረጥ፥ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ብሬከር በባለሙያ ይተከል፤ ዋጋው ከአንድ ነፍስ ጋራ አይወዳደርም። ማከፋፈያ ገመድ በእርጥብ ወለል ላይ አይዘርጋ። ባትሪ ያለውም መኪና ቢሆን ኃይል የሚሞላው በደረቅ ክፍል እንጂ በመታጠቢያ ቤት አይደለም።

ሥራውም በሥርዓት የሆነ እንደ ሆነ ጊዜም ውኃም ይተርፋል። አስቀድሞ ወለሉ ገና ደረቅ ሳለ ጠጕሩና አቧራው ይጠረግ፤ እርጥብ ጠጕር በቡሩሹ ላይ ይጠመጠማልና። ቀጥሎ ከልብስ እጥበት የተረፈው የመጨረሻው ያለቅልቆ ውኃ፥ ጥቂት የዱቄት ሳሙና ተጨምሮበት በወለሉ ላይ ይረጭ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ። ይህ ዕረፍት እድፉን ስለሚያላላው የሥራው እኩሌታ ነው። ከዚያም ከሩቁ ማዕዘን ተጀምሮ ወደ በሩ እየተመለሱ መፈግፈግ ነው፤ ቡሩሹ ራሱ ይሥራ እንጂ በክንድ አይጫኑት፤ ሲጫኑት ሞተሩ ይግላል፥ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። በመጨረሻም እድፉ በጎማ መግፊያ ወደ መውረጃው ቀዳዳ ይነዳ፤ በጥቂት ንጹሕ ውኃ ይለቅለቅና በጨርቅ ይወልወል። ሻጋታ የሚኖረው በርጥበት ነውና ወለሉ ደርቆ ማደሩ ትልቅ መድኃኒት ነው። የሽንት ቤቱ መቀመጫና የወለሉ ቡሩሽ ግን ለየብቻ ይሁኑ።

በረኪና ለመጠቀም የሚወድ ሰው ወለሉ ከጸዳ በኋላ ይጠቀም፤ በእድፍ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉ ይደክማል። በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፥ አንዱን እጅ በ49 እጅ ውኃ ማቅጠን ይበቃል። በመኪናው ማጠራቀሚያ ውስጥ ግን አይጨመር፤ ብረቱን ይበላል። ከሁሉም በላይ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋራ መቀላቀል ብርቱ አደጋ ነው፤ ከሁለቱ የሚወጣው ጢስ ክሎሪን ይባላል። ጀርመኖች በሚያዝያ 1907 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር፥ በኢፕር ጦር ሜዳ፥ በጠላቶቻቸው ላይ የለቀቁት መርዝ ይኸው ነበር። በተዘጋች ጠባብ ክፍል ውስጥ የምትሠራ ሴት በዚህ መርዝ እንድትታፈን ማድረግ ከቶ አይገባም፤ መስኮቱና በሩ ይከፈቱ፥ ሁለቱም ጠርሙሶች ለየብቻ ይቀመጡ።

መኪና የኤሌክትሪክ ኃይል ሲጠፋ ዕቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ የሰቆጣ ሕዝብ ያለ መብራት መክረሙ የሚረሳ አይደለም። ስለዚህ የእጅ ቡሩሽና የጎማ መግፊያ ከቤት አይታጡ፤ ባትሪ ያለውም መኪና ከፀሐይ በሚገኝ ኃይል ሊሞላ የሚችል ቢሆን ይመረጣል።

በመጨረሻም ለተከበራችሁ የቤት ባለቤቶች አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። አዲስ መኪና ወደ ቤታችሁ በገባ ጊዜ፥ የመጀመሪያውን ቀን ወለሉን እናንተው ፈግፍጉት። ክብደቱን፥ ጩኸቱንና የገመዱን አኳኋን በገዛ እጃችሁ ካወቃችሁ በኋላ፥ ጓንትና የጎማ ጫማ ጨምራችሁ ለሠራተኛችሁ አስተምሩ። መኪናው ካቃለለውም ድካም ላይ ሌላ ሥራ አትጨምሩ፤ የተረፈው ሰዓት ለእርስዋ ዕረፍት ይሁን።