ገመዱን የሚይዝልሽ ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደድሽ ልጄ፣ ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ዐለት መውጣት ነው። ነገሩ ከአንቺ ሥራ የራቀ ቢመስልሽም እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

በደቡብ ዮርዳኖስ ዋዲ ረም የሚባል በረሃ አለ። የአሸዋ ድንጋይ ተራሮች እንደ ግንብ ቆመውበታል። የአገሩ በደዊዎች የዱር ፍየል ለማደን ከጥንት ጀምሮ ይወጧቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ እንግሊዛውያን መጥተው መውጫዎቹን እየመረመሩ መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ከብዙ አገር ሰው ይመጣል።

ከሚከብዱት አንዱ በቀጭን ስንጥቅ መውጣት ነው። ገደሉ ልሙጥ ነው፤ ከስንጥቁ በቀር መያዣ የለውም። ስንጥቁም የሚያስገባው የጣት ጫፍ ብቻ ነው። ወጪው ጣቶቹን አስገብቶ ይጠመዝዛቸውና በእነርሱ ይንጠለጠላል። ክንዱ ይዝላል፤ ቆዳው ይላጣል።

ለሚያየው ብቻውን የሚወጣ ይመስላል። ነገር ግን ወገቡ በገመድ ታስሯል፤ ገመዱንም ከታች ሌላ ሰው ይዞለታል። ከፍ ባለ ቁጥር በስንጥቁ ውስጥ ብረት እየሰካ ገመዱን ያያይዝበታል። እጁ ቢያመልጠው ባልንጀራው ገመዱን ይዞ ያስቀረዋል። ዝናብ ከዘነበም ይታገሣል፤ የአሸዋ ድንጋይ ሲርስ ይደክማልና፣ የጨበጡት ይሰበራል።

በአገራችንም በገርዓልታ ያለው የአቡነ የማታ ቤተ ክርስቲያን በአሸዋ ድንጋይ ገደል ላይ የተፈለፈለ ነው። ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው ይወጣሉ፤ እናቶችም ሕፃን አዝለው ለክርስትና ይወጣሉ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው «እጅሽን እዚህ፣ እግርሽን እዚያ» እያለ ይረዳል።

ልጄ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ መስኮትና ስለ በረንዳ ልነግርሽ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መግለጫ፣ ከ2007 መጀመሪያ ወዲህ በሊባኖስ ቢያንስ 95 ከውጭ የመጡ የቤት ሠራተኞች እንደ ሞቱ፣ ከእነርሱም 24ቱ ከፎቅ ወድቀው እንደ ሆነ አስታውቋል። ብዙዎቹ የወደቁት ሊያመልጡ ሲሞክሩ ነው። ልምድ ያለው፣ ጠንካራ ገመድ የታጠቀ ሰው እንኳ የሚይዝለት ሳይኖር አይነሣም፤ አንቺ በተቀጣጠለ አንሶላ እንዴት ትወርጃለሽ?

ከክፉ ቤት መውጣት ኃጢአት ነው አላልኩሽም። ቅዱስ ጳውሎስም በደማስቆ ሊገድሉት በፈለጉ ጊዜ በቅርጫት ሆኖ በመስኮት ወርዷል። ነገር ግን ገመዱን ወንድሞች ይዘውለት ነበር። ጌታችንም ሰይጣን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ እሺ አላለም። «መላእክት ይይዙኛል» ብለሽ አትዝለዪ።

ስለዚህ ችግር ሳይመጣ ገመድሽን አዘጋጂ። የምትኖሪበትን ሕንፃ፣ ፎቁን፣ የአሠሪሽን ስምና ስልክ ለምታምኛት እኅት ንገሪ። የፓስፖርትሽ ቅጂ እርሷ ዘንድ ይቀመጥ። የእርሷን፣ የቤተ ክርስቲያንሽን፣ የኤምባሲውንና የአገሩን ፖሊስ ቁጥር በቃልሽ ያዢ፤ ስልክሽን ሊነጥቁሽ ይችላሉና። ቢቆልፉብሽና ቢመቱሽ ደውዪ፤ ካልቻልሽ በመስኮት ጎረቤት ጥሪ፤ ጩኺ፤ ግን አትውጪበት። ልብሽ ጨልሞ ሞትን ብትመኚም ለንስሓ አባትሽ ወይም ለእኅትሽ ያን ዕለቱን ተናገሪ፤ ብቻሽን አትያዢው።

አንቺ ደግሞ የዕረፍት ቀን ያለሽ፣ ቅዳሴ የምታስቀድሺ፣ በሕንፃችሁ ቆሻሻ ልትጥል ብቻ የምትወጣውን ልጅ ስሟን ጠይቂያት። ቁጥርሽን ስጫት። ገመዱን የምትይዢላት አንቺ ነሽና።

የአቡነ የማታ ረድኤት አይለይሽ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።