ከ«በካሬ ስንት?» በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለመሥራት የተነሳ ሰው ለተቋራጩ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «በካሬ ስንት?» የሚል ነው። መቅደም የነበረበት ግን የአፈሩ ጉዳይ ነው።

አቃቂና ቃሊቲ አካባቢ በብዛት የሚገኘው መረሬ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግድግዳም ይሰነጥቃል። አፈሩ ተመርምሯል? ምን ያህሉ ተቆፍሮ ይወጣል? በምንስ ይተካል?

የኮንክሪት ጥንካሬ በተለምዶ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። እስከዚያ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው? ናሙናውስ የት ይፈተሻል?

ሲሚንቶና ብረት ቢወደድ ጭማሪውን ማን ይሸፍናል? መልሱ በውሉ ላይ ይስፈር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቋራጩን ለሥራው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። የርክክቡን ቀን በጽሑፍ ያላስያዘ ባለቤት ግን ዘመኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረዳት ይቸግረዋል።