የቀረው ሲሶ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ በአጥቢያችን የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ስም አልጠራም። አንድ አባት በእርሻ ድንበር ተጣልተው ጎረቤታቸውን በመግደላቸው 15 ዓመት ተፈርዶባቸው ነበር። 10 ዓመት ታስረው በአመክሮ ተፈቱ። ማንበብና መጻፍ የተማሩት እዚያው ነው፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ዘልቀዋል፣ አናጢነትም ለምደዋል። በዘወረደ እሑድ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ከቅጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆመው አስቀደሱ። ወደ ውስጥ ግቡ ያላቸው አልነበረም። የሟቹ ልጅ በዚያው ሰዓት ከቅጥሩ ውስጥ ነበር፤ የመዝሙር ክፍላችን አባል ነውና። በሳምንቱ የመዝሙር ልብሱን አጥቦና አጣጥፎ አምጥቶ አስረከበኝ።

እኔም ቸኮልሁ። «ይቅር ማለት አለብህ» አልሁት፤ ጥቅስም ደረደርሁለት። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና «ለእሳቸው ሲሶው ተቀነሰላቸው። የእኔን ሲሶ ማን ይቀንስልኛል?» ብሎኝ ሄደ። መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል፤ በአጥቢያችን የተወራው ብዙው ስሕተት ነበርና። «ምሕረት ተደረገላቸው» ያለ አለ፤ «ይቅርታ አግኝተው ነው» ያለም አለ፤ ከዚህ የከፋ ያወራም አልጠፋም። አመክሮ ከምሕረትም ከይቅርታም የተለየ ነው። ፍርዱን አይሽርም፤ የቀረው ዘመን በውጭ፣ በፈተና እንዲያልቅ ያደርጋል እንጂ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን መሠረት ከተፈረደበት የእስራት ዘመን ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ ሰው፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነም 20 ዓመት የታሰረ ሰው፣ በማረሚያ ቤቱ አሳሳቢነት ወይም በራሱ ጥያቄ ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊፈታው ይችላል። «ይችላል» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ቀን መቍጠር ብቻውን አይበቃም። ታራሚው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት አለበት፤ ያደረሰውን ጉዳት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን መካስ አለበት፤ ከወጣም በኋላ በመልካም ጠባይ ይኖራል ተብሎ የሚታመን መሆን አለበት። በአመክሮው ጊዜ ሌላ ወንጀል ቢሠራ ተመልሶ ሊታሰር ይችላል።

ይህ ሥርዓት መልካም ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ የአምባሰልና የሐይቅ ልጆች ተስፋ የሌለው እስር ምን እንደሚመስል ከማንም ይልቅ ማወቅ ነበረብን። ግሸን ደብረ ከርቤ ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የምንሳለማት የግማደ መስቀሉ ማረፊያ ናት። በመካከለኛው ዘመን ግን የነገሥታት ልጆች የሚጋዙባት አምባ ነበረች። ወንጀል አልሠሩም፤ ጥፋታቸው ከንጉሥ ዘር መወለዳቸው ነበር። የተቈረጠ ዘመን አልነበራቸውም፤ ቢማሩም፣ ቢጾሙም፣ ቢታዘዙም ለዙፋን ካልተጠሩ በቀር ከአምባው መውረጃ አልነበራቸውም። ግማደ መስቀሉን ወደ ግሸን ያመጡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው በ1426 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት በዚያው አምባ ተግዘው እንደ ነበር ይነገራል። በኋላ በጎንደር ዘመን የነገሥታቱን ልጆች ያሰሩበት የወህኒ አምባ ስሙን ለእስር ቤት ሁሉ አወረሰና «ወህኒ ቤት» ስንል ኖርን። አሁን «ማረሚያ ቤት» እንላለን። ገበሬ ጤፉን የሚያርመው ለአጨዳ እንዲደርስለት ነው።

አመክሮ የሚለውም ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የገዳም ቃል ነው። በግእዝ አመከረ ማለት ፈተነ ማለት ነው። ሊመነኩስ የመጣ ሰው ቆብ ከመድፋቱ በፊት በአመክሮ ይቆያል፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አረጋውያንን ያገለግላል፤ ጠባዩ ይታያል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ደቀ መዝሙር ሆነው በኖሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ደጅ ላደግን ለእኛ ይህ አይነገረንም። በገዳም ግን የሚፈተነው ሰው ብቻውን አይተውም። አበምኔት አለው፣ መምህር አለው፣ ሲደክም የሚደግፈው ወንድም አለው። ከወይራው ሥር የቆሙት አባት ማን ነበራቸው?

«ለአመክሮ ብሎ ጨዋ የሚመስልስ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ፤ ለምን ይካዳል? አባቶቻችንም ያውቁት ነበር። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት አርዮስን አውግዘው ብቻ አልተለያዩም፤ በስደት ዘመን ክደው ስለ ተመለሱ ሰዎችም ሥርዓት ሠርተዋል። በዐሥራ ሁለተኛው ቀኖናቸው፣ ወደ ቀደመ ወታደርነታቸው በመመለስ የወደቁት ሦስት ዓመት ከሚሰሙት ጋር፣ ዐሥር ዓመት ደግሞ ወድቀው ከሚሰግዱት ጋር እንዲቆዩ ወሰኑ። ነገር ግን መጸጸቱን በእንባ፣ በትዕግሥትና በበጎ ሥራ በእውነት ላሳየ ሰው ኤጲስ ቆጶሱ ዘመኑን እንዲያቀልለት ፈቀዱ። ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባቱ ብቻ ይበቃኛል ብሎ ግድ የለሽ የሆነው ግን ዘመኑን ሁሉ ይፈጽም አሉ። ታላቁ ባስልዮስም ንስሐን በጊዜው ርዝመት ሳይሆን በአኳኋኑ እንደሚመዝን በቀኖናዎቹ አስተምሯል። እንግዲህ አስመሳይ ሊኖር ይችላል ተብሎ የማቅለሉ በር አልተዘጋም፤ ፍሬውን አይቶ የሚመሰክር ሰው ተሾመበት እንጂ። የንስሐ አባቶቻችን ዛሬም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ልብን መርምሮ የሚያውቅ ዳኛ በየትም አገር የለም።

እስከዚህ ድረስ ጽፌ ስመለከተው ሁሉም ስለ በዳዩ ሆኖ አገኘሁት። የወንድማችን ጥያቄ ግን ይህ አልነበረም።

እኔ ልጅ ሳለሁ የሆነ አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በግንቦት 2003 ዓ.ም. ሞት ተፈርዶባቸው የነበሩ 23 የደርግ ባለ ሥልጣናት ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ደግሞ 20 ዓመት የታሰሩ 16 ባለ ሥልጣናት በአመክሮ ተፈቱ። አስቀድመው ስለ እነርሱ ከለመኑት የሃይማኖት አባቶች አንዱ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ነበሩ። እርሳቸው በደርግ ዘመን ለዓመታት የታሰሩ ናቸው፤ ጵጵስና የሾሟቸውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንም የገደለው ያው መንግሥት ነው። ልመናቸው ቀላል ልመና አልነበረም። ሆኖም ልጆቻቸውን ካጡ ቤተሰቦች መካከል ተቃውሞአቸውን ያሰሙ ነበሩ፤ እነርሱንም አልነቅፍም። አባት ስለ በዳይ ሊለምን ይችላል፤ በተበዳዩ ፈንታ ሆኖ ይቅር ሊል ግን አይችልም። እኔ የመዝሙር ልብስ ታቅፌ በደጄ ላይ ያደረግሁት ይህን ሁለተኛውን ነው። ፍርድ ቤቱ ለአባት 10 ዓመት በቃ ስላለ፣ ለልጁም በዚያው ቀን በቃህ አልሁት። ማን ሾመኝ?

በዚህ ረገድ የወሎ አበጋሮች ከእኔ ይሻላሉ። ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አስታርቀው ደም ሲያደርቁ ከተበደለው ቤት ደጋግመው ይመላለሳሉ፤ ካሳውን ይነጋገራሉ፤ ቀን ይሰጣሉ፤ እንቢ ሲባሉ ተመልሰው ይመጣሉ። ሕጉም ቢሆን ካሳን የአመክሮ አንዱ መመዘኛ ያደረገው በከንቱ አይደለም። እኛ ግን በትንሣኤና በመስቀል ዳቦና ሳሙና ይዘን ማረሚያ ቤት እንሄዳለን፣ ዘምረን እንመለሳለን፤ ከዚያ አመክሮው ስለ ደረሰ ሰው የሚጠይቅ የለም። ዮሴፍን አስቡት። በግዞት ቤት በመልካም ጠባዩ እስረኞችን ሁሉ በእጁ እስኪሰጡት ድረስ ታመነ፤ የጠጅ አሳላፊው ስለረሳው ግን ሁለት ዓመት ተጨመረበት።

ዐፄ ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ ለቤተ ክርስቲያን ሲሶ ተሰጣት የሚለውን ትውፊት ሽማግሌዎቻችን እየደጋገሙ ይነግሩናል፤ አንዳንዶቹ የአባ ኢየሱስ ሞአን ስም ያነሣሉ። ያ ሲሶ የመሬትና የግብር ነበር። አሁን ፍርድ ቤት ያልያዘው፣ ማረሚያ ቤትም ያልያዘው አምስት ዓመት በአጥቢያችን ሜዳ ላይ ወድቋል። ያን ሲሶ እንውሰደው እላለሁ። ሰበካ ጉባኤው አመክሮአቸው የቀረበ የአጥቢያችንን ልጆች ስም አስቀድሞ ይወቅ። ካህናት ሰውየው ከመፈታቱ በፊት ወደ ተበዳዩ ቤት ይሂዱ፤ መፈታቱን ከገበያ ወሬ እንዳይሰማ። ለተፈታው ሥራ እንፈልግለት፤ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አግዳሚ ወንበሮች ተሰባብረዋል፣ አናጢም አለን። ለአባት የለሹም ቤት አጨዳ ሲደርስ እኛ ወጣቶች እንውጣለት፤ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልወጣንለትም፣ እኔም ጭምር።

የመዝሙር ልብሱ አሁንም ከእኔ ዘንድ ነው። ለማንም አልሰጠሁትም። በሚመጣው ቅዳሜ ከሁለት ወንድሞች ጋር ወደ ቤቱ እሄዳለሁ፤ ልብሱን ይዤ አይደለም፣ መጽሐፍም ይዤ አይደለም። እናቱ ቡና ካፈሉልን እንጠጣለን። ሊናገር ከፈለገ እንሰማዋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።