የጅማ ሰማይና የተመራቂው ካሜራ
የሥነ ፈለክ ምርምር በተነሣ ቁጥር ተማሪው ወደ እንጦጦ ያማትራል። ሁለቱን ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ግን ከግርጌያቸው የተንጣለለው የአዲስ አበባ ብርሃን ይፈታተናቸዋል። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በቦሳ አዲስ ከመንገድ መብራት በተከለለ ግቢ የቆመ አነስተኛ ቴሌስኮፕ የአንድሮሜዳን ጋላክሲም፣ ከአውሮፓ የማይታየውን የካሪናን ኔቡላም ፎቶግራፍ ያነሣል። አስቸጋሪው የሰሜን ኮከብ ነው፤ ከአድማስ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ቤትና ዛፍ ይጋርደዋል። ስለሆነም የመሣሪያው ዘንግ የሚስተካከለው የሌሎችን ከዋክብት መንሸራተት በትዕግሥት በመከታተል ነው። ክረምቱ ሰማዩን ቢዘጋም የበጋው ሌሊት ረጅም ነው። ብርሃኑ የሚለዋወጠውን የካሪና ኤታ ኮከብ ከግቢው እየቀረጸ የሚለካ ተማሪ ሥራው ለመመረቂያ ጽሑፍ ሊበቃ ይገባል፤ የትምህርት ክፍሎች ይህን ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ መቁጠራቸውን ቢተዉ መልካም ነው።