1,462 ቀናት የት ገቡ?

«ዊንዶውስ ይሻላል ወይስ ማክ? ኤክሴል ወይስ ካልክ?» የሚለው የተማሪዎች ክርክር በመልክና በፍጥነት ላይ ያተኩራል። በእኛ እምነት ግን የሚቀድመው ጥያቄ በአንዱ የተመዘገበ ልኬት በሌላው ሳይለወጥ መገኘቱ ነው።

ቀንን እንውሰድ። እነዚህ ፕሮግራሞች ቀንን የሚያስቀምጡት በተራ ቁጥር ነው። ኤክሴል እ.ኤ.አ. በ1985 ለማኪንቶሽ ሲወጣ ቆጠራውን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1904 ጀመረ፤ በ1987 ለዊንዶውስ ሲወጣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900። በመካከል ያሉት እውነተኛ ቀናት 1,460 ሲሆኑ የሁለቱ ተራ ቁጥሮች ልዩነት ግን 1,462 ነው። አንዱ ትርፍ የመጣው ማኪንቶሹ ከዜሮ፣ ዊንዶውሱ ከአንድ በመነሣታቸው ነው። ሁለተኛው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 የሚባል፣ ፈጽሞ ያልነበረ ቀን ነው! ሎተስ 1-2-3 የተባለው ቀዳሚ ፕሮግራም 1900ን 366 ቀን ሰጥቶት ስለ ነበር፣ ኤክሴል ከእርሱ ጋር ለመስማማት ሲል ስሕተቱን ወረሰ። (ሎተስ ከገበያ ወጥቷል፤ ቀኑ ግን አለ።)

የዛሬዎቹ የማክ እትሞች ከ1900 ይጀምራሉ። ሆኖም ከአሮጌ የማክ ፋይል ወደ አዲስ የተገለበጠ ቀን አራት ዓመት ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል። ይህ የኮባልት-60 ምንጭ የተለካበት ቀን ቢሆንስ? ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ስለ ሆነ የምናሰላው ጥንካሬ ከእውነተኛው 59 ከመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ጥሬ ልኬት በተራ የጽሑፍ ፋይል፣ ቀኑም በዓመት፣ ወርና ዕለት ቅደም ተከተል ተጽፎ ይቀመጥ እንላለን። የተጠራጠረ በኤክሴልና በሊብሬ ኦፊስ ካልክ 60 ጽፎ ወደ ቀን ይለውጠው፤ አንዱ ፌብሩዋሪ 29፣ ሌላው ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1900 ይለዋል።