የእስያውያን የባህል ዝግጅትና የእኛ ድርሻ



በሪያድ ዩኒቨርሲቲዎች የምንማር ኢትዮጵያውያን ከየአገሩ ከመጡ የእስያ ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል እንቀመጣለን፣ በአንድ ማደሪያ እናድራለን፣ በአንድ ምግብ ቤት እንሰለፋለን። እነዚህ ተማሪዎች የባህል ዝግጅት ሲያሰናዱ ግን ከእኛ መካከል አንዳንዱ ለመብል፣ አንዳንዱ ለፎቶግራፍ ይሄዳል፤ የሚበዛው ጨርሶ አይሄድም። የሄደውም ቢሆን ቢሪያኒው ተበልቶ፣ ጭፈራው ታይቶ፣ ውይይት ሲጀመር ወንበሩን ትቶ ይወጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዝግጅቱ ዋና ክፍል እኛ ጥለነው የምንወጣው ክፍል መሆኑን ለማስረዳት ነው። (ዓ.ም. ተብሎ ከተጻፈው በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ያለንበትን ቦታ እንወቅ። ሪያድ ራሷ የእስያ ከተማ ናት። መንግሥቷም ፊቱን ወደ ቀረው እስያ ካዞረ ቆይቷል። በ1985 የተጀመረው የጀናድሪያ የባህል በዓል በ2011 ጃፓንን፣ በ2012 ደቡብ ኮሪያን፣ በ2013 ቻይናን፣ በ2018 ደግሞ ሕንድንና ኢንዶኔዥያን በክብር እንግድነት ተቀብሏል። በንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ ጃፓንኛና ቻይንኛ ይሰጣሉ። ቻይንኛ በአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት እንዲገባ በ2019 ተወስኗል፤ በ2023 ደግሞ በልዑል ሱልጣን ዩኒቨርሲቲ የኮንፊውሺየስ ተቋም ተከፍቷል። በ2024 በሱወይዲ መናፈሻ ለሕንድ፣ ለፊሊፒንስ፣ ለኢንዶኔዥያ፣ ለፓኪስታን፣ ለባንግላዴሽና ለሌሎችም አገሮች ባህል የተለየ ጊዜ ተመድቦ ሕዝብ ሲጎርፍ ታይቷል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የእስያን ባህል ተሸክሞ ወደ ሪያድ ያመጣው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ኤምባሲና የንግድ ልዑካን ብቻ አይሆንም። አል በጥሓ ሰፈር ሄዶ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የቤንጋልኛውን፣ የማላያላሙን፣ የታጋሎጉን ቋንቋ፣ ቅመሙን፣ ጨርቁን፣ ዜማውን ያመጣው ግንበኛው፣ ሾፌሩ፣ ነርሷና የቤት ሠራተኛዋ ናቸው። ባህሉ ሪያድ የገባው በላባቸው ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። በዚህች ከተማ «እስያዊ» የሚለው ቃል የአህጉር ስም መሆኑ ቀርቶ የደመወዝ እርከን ስም ሊሆን ደርሷል። ከእኛም መካከል «ባንግላ» የሚለውን ቃል በንቀት የሚጠቀም አይታጣም። እኛ ራሳችን በቆዳችንና በሥራችን ስንናቅ የሚያንገበግበን ሰዎች ነን። ንቀትን ከላይ ተቀብሎ ወደ ጎን የሚያስተላልፍ ተማሪ ምን ቢማር አልተማረም ቢባል ግፍ አይሆንም።

ለመሆኑ «ባንግላ» የሚባለው ሰው ማን ነው? ፓኪስታን ከተመሠረተች በኋላ ኡርዱ ብቻ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን በመባሉ የዳካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ለቋንቋቸው ሰልፍ ወጡ። ፖሊስ ተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ። በ1956ቱ ሕገ መንግሥት ቤንጋልኛ ከኡርዱ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። ዩኔስኮም በ1999 ያንኑ ቀን ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን አድርጎ ሰየመው። በየዓመቱ በአዲስ አበባ ጭምር የሚታሰበው ይህ ቀን የተገኘው በሪያድ ጎዳና ስናልፈው ቀና ብለን በማናየው ሰው አባቶችና አያቶች ደም ነው። ይህን የሚነግረን ጭፈራው አይደለም፤ ከጭፈራው በኋላ የሚደረገው ውይይት ነው።

በዚያ ውይይት ላይ የፓኪስታኑም ተማሪ ይኖራል። በ1971 ጦርነት ምክንያት የሁለቱ አገሮች ሰዎች አንድ ታሪክ በሁለት ልብ ነው የሚያስታውሱት። በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው፣ ሳይሰዳደቡ፣ እያንዳንዱ የቤተሰቡን ታሪክ ሲናገርና ሌላው ሲያዳምጥ ማየት ለእኛ ታላቅ ትምህርት ነው። ከ2020 እስከ 2022 ከተደረገው የአገራችን ጦርነት ወዲህ ቡና አብረው መጠጣት የተዉ፣ ሰላምታ የተነፋፈጉ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ባሉበት ጊዜ፣ ሐዘንን በጨዋ አንደበት የመነጋገር ልምድ ከየትም ቢገኝ ልንቀስመው ይገባል።

ሁለተኛው ምሳሌ ኢንዶኔዥያ ናት። በጥቅምት ወር 1928 ከልዩ ልዩ ደሴቶች የመጡ ወጣቶች በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ጉባኤ አድርገው የአንድነት ቋንቋችን ኢንዶኔዥያኛ ነው ብለው ቃል ገቡ። ይህ ቋንቋ የተመሠረተው በማላይኛ ላይ እንጂ በቁጥር የሚበልጡት ጃቫውያን በሚናገሩት ቋንቋ ላይ አልነበረም። ብዙኃኑ የራሱን ቋንቋ ለምን አልጫነም? የቀሩት ቋንቋዎችስ ምን ደረሰባቸው? በዚህ መንገድ የተጎዳ የለምን? እነዚህ ጥያቄዎች ለማናችንም ባዕድ አይደሉም። መልሳቸውን ገልብጠን እንውሰድ አልልም፤ ጠያቂ ሆነን እንገኝ ነው የምለው።

መገልበጥንና መጠየቅን ለይተን እንድናይ የአባቶቻችን ታሪክ ይረዳናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን በመልእክት ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚለው መጽሐፋቸው አስነበቡን። በዚያው ዓመት የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተዘጋጀ ነበር። በኋላም ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ። እነዚህ ሰዎች እስያን ለመብል ሳይሆን ለትምህርት ማየታቸው ያስመሰግናቸዋል። ይሁንና ዘመኑ አተኩሮ የጠየቀው «የጃፓን መንግሥት እንደምን በረታ?» የሚለውን ነበር። «ዋጋውን ማን ከፈለ?» የሚለው ጥያቄ በቂ ስፍራ አላገኘም። ዋጋውን የከፈለው ከ1873 ጀምሮ የመሬት ግብሩን በጥሬ ገንዘብ እንዲያወጣ የተገደደው ገበሬና በሐር ፋብሪካ ጉልበቷን የጨረሰችው የገበሬ ልጅ ናቸው። ሕገ መንግሥቱን ስንወስድ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ያጸናውን ክፍል ወሰድን፤ ገበሬያችን ግን በነበረበት ቀረ። ዛሬ ያለን ተማሪዎች ከጃፓኑ፣ ከቻይናውና ከኮሪያው ተማሪ ጋር ፊት ለፊት ስንገናኝ ያን የቀረውን ጥያቄ ልናነሣ እንችላለን።

ሦስተኛው ምሳሌ በቀጥታ የእኛን ቤት ያንኳኳል። በኅዳር ወር 2013 በመንፉሓ በወገኖቻችን ላይ የደረሰውን የሪያድ ኢትዮጵያዊ አይረሳውም። በዚያ ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ፊሊፒናውያንም የራሳቸው መከራ ነበራቸው። በ1995 አንዲት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ በሲንጋፖር በሞት ስትቀጣ አገሩ በቁጣ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት በውጭ የሚሠሩ ዜጎችን የሚመለከት ሕግ ወጣ። ሕጉ ቢያንስ 20,000 ሠራተኞች ባሉበት አገር ሁሉ በኤምባሲው ሥር ሌሊትና ቀን ክፍት የሆነ የሠራተኞች መርጃ ማዕከል እንዲቋቋም ያዝዛል። እኛም በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923ን አውጥተናል። ሕግ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ በር ተዘግቶባት የምትውለውን እኅታችንን እንዲደርስ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ፊሊፒናውያን ምን ያህል ተሳካላቸው? የት ላይ ወደቁ? ተማሪዎቻቸውና ነርሶቻቸው በዚህ ምን ድርሻ ነበራቸው? ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አናገኘውም። በዝግጅቱ ምሽት አጠገባችን የተቀመጠችውን ልጅ ብንጠይቃት የምታውቀውን ትነግረናለች።

አንዳንድ ወገኖች «የመጣነው ለትምህርት ነው፤ ጊዜ የለንም» ይላሉ። ጊዜው አጭር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በወር ሁለት ሰዓት ለዚህ ማዋል ዲግሪ አያሳጣም። ሌሎች ደግሞ «የራሳችን ችግር ሳያልቅ የሰው ባህል ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። ከላይ ያየናቸው ምሳሌዎች ለዚህ መልስ ይሆናሉ፤ ቋንቋ፣ ጦርነት፣ ስደት የሰው ብቻ ሳይሆኑ የራሳችንም ጉዳዮች ናቸው። «ነገር ያመጣብናል» ብለው የሚሰጉም አሉ። ስጋታቸው መናቅ የለበትም፤ ስለዚህ ዝግጅቱ በዩኒቨርሲቲው ፈቃድ፣ በግልጽ አዳራሽ፣ የአገሩን ሕግ አክብሮ ይሁን።

ስንሄድም ባዶ እጃችንን አንሂድ። በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በባርነት ተሽጦ፣ በዓረብ አገር አልፎ፣ በሕንድ ደከን የጦር መሪና የመንግሥት አስተዳዳሪ የሆነው፣ በ1626 የሞተው ማሊክ አምባር የእኛም፣ የሕንዶችም፣ የዓረቦችም ታሪክ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዐሥርታት በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ታሪክም ገና በደንብ አልተነገረም፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ከእኛ ጋር ይማሩ ይሆናል። በሪያድ ማዕድ ላይ የካብሳው ሩዝ ከሕንድ፣ ቡናው ከሐረር ሲገናኙ እኛ ተማሪዎቹ ሳንተዋወቅ ብንለያይ ያሳፍራል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች ለኅብረታችን አባላት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የእስያ ተማሪዎች ዝግጅት ባላቸው ቁጥር ከእኛ ቢያንስ አምስት ሰዎች እስከ ውይይቱ ፍጻሜ ይገኙ፤ ከመሄዳቸው በፊት ስለዚያ አገር አንብበው ሁለት ሁለት ጥያቄ ያዘጋጁ።

ሁለተኛ፣ የውይይቱ ፍሬ ሐሳብ በአማርኛ ተጽፎ በዚህ መጽሔት ይውጣ፤ ያልተገኘው እንዲያነበው፣ የተገኘውም እንዲታረም።

ሦስተኛ፣ እኅቶቻችን በሚማሩበት ግቢ፣ በልዕልት ኑራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ፣ ተመሳሳይ ውይይት እንዲደረግ እናግዝ። የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ከእነርሱ ይበልጥ አቅርቦ የሚያይ የለም።

አራተኛ፣ ፈቃድ በተገኘ ጊዜ ዓርብ ዕረፍታቸው የሆነ ሠራተኞች፣ የእኛም የእስያውያኑም፣ ተጋብዘው ይናገሩ። ስለ ባህል ሲወራ ባህሉን የተሸከመው ሰው ከበር ውጭ መቅረት የለበትም።

ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ፈቃደኝነት ብቻ ይበቃል። የሚቀጥለው የእስያውያን ዝግጅት ማስታወቂያ በግቢው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የውይይቱን ርእስ እናንብብ። ሐሳቤን የሚቃወም ወይም የሚያርም ወንድም ወይም እኅት ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ። ውይይቱ ከራሳችን ይጀመር።