ወደ ባሕር ማዶ ለሥራ የሚሄደው ሰው ወጪና የአሠሪው ግዴታ

ለእንጀራው ሲል ባሕር ማዶ ተሻግሮ ሊሠራ የሚሻ ሰው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከፍኖተ ሰላም፥ ከቡሬ ወይም በዙሪያቸው ካለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚነሣ ወጣት፥ ጕዞውን ሳይጀምር የአባቱ በሬ ተሸጦ መሬቱም በወለድ አገድ ተይዞ እንደ ሆነ፥ ይህን ዕዳ ሕግ ያዘዘው መሆኑን መመርመር ይገባል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት ዓዋጅ ቍጥር 923 ወጪውን በግልጥ ከፍሎታል። የመግቢያ ቪዛ፥ የመሄጃና የመመለሻ መጓጓዣ፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፥ የመድን ዋስትናም የአሠሪው ዕዳ ናቸው። ለሠራተኛው የቀሩት ፓስፖርት፥ የሕክምና ምርመራ፥ ክትባት፥ የልደት ማስረጃ፥ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና እነዚህን የመሰሉ ናቸው። አገናኙ ኤጀንሲም ዋጋውን ከአሠሪው እንጂ ከሠራተኛው እንዳይቀበል ተከልክሏል፤ ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቍጥር 181ም መሠረታዊ ደንቡ ይኸው ነው።

ደላላ ግን ይህን ክፍያ ለይቶ አይናገርም። የፓስፖርቱንም፥ የቪዛውንም፥ የአውሮፕላኑንም ዋጋ ባንድ ድምር ጠቅልሎ ይጠይቃል፤ ገበሬውም የትኛው የእርሱ፥ የትኛው የአሠሪው እንደ ሆነ ሳያውቅ ይከፍላል። የተንኰሉ ሥር በዚህ መጠቅለል ላይ ነው። ባለ ዕዳ ሆኖ የሄደ ሰው ደመወዙ ቢጐድል፥ ውሉም ቢለወጥበት፥ ትቶ ለመመለስ አይደፍርም፤ የመንደሩ አበዳሪ ይጠብቀዋልና።

መንገዱን መዝጋት ብቻ እንደማይበቃ አስቀድሞ ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺሕ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ገቡ፤ በዚያው ዓመት የታገደው ጕዞ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ተዘግቶ ሳለም ሰዉ በየመን በኩል በጀልባ መሻገሩን አልተወም።

ሙያ ያለው ሰው ግን በውል ፊት ቃል አለው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም የሙያ ኮሌጆች ብየዳ ወይም ኤሌክትሪክ በእውነት የተማረ ሁሉ፥ ያገሩንና የባሕር ማዶውን ሥራ አመዛዝኖ ሊመርጥ ይችላል፤ ማረጋገጫውን በገንዘብ የገዛው ግን አሠሪው በመጀመሪያው ቀን ያውቅበታል።

እንግዲህ የወረዳው የሥራ ጉዳይ ሹም ሁለቱን የወጪ ዝርዝር በየቀበሌው ደጅ ጽፎ ያስለጥፍ። ካህናትም ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ በተሰበሰበበት ያንብቡለት፤ ከንስሓ ልጆቻቸው መካከል በሬ ሊሸጥ የሚመክር ቢኖር፥ ለየትኛው ወጪ እንደ ሆነ ይጠይቁት፥ ደረሰኝም እንዲቀበል ያሳስቡት። ፈቃድ ሳይኖረው ሰውን ለሥራ ወደ ውጭ የሚልከውን ለመቅጣት በ2012 ዓ.ም. የወጣው ዓዋጅ ቍጥር 1178 አለ። አቤቱታው ግን ሠራተኛው ሳይሄድ ይሰማ፤ ከሄደ በኋላ ከሳሹ ባሕር ማዶ ነው፥ ደላላውም ስሙን ለውጦ በሌላ ከተማ ይገኛል።